ኤፍ-5 በ1 ለ 4.5፦ ሳጥኑ ላይ 22 ኪሎ የሚለው ተርባይን አዲስ አበባ ላይ ስንት ይገፋል?

ላሜራው ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። "ያ ኤፍ-5 የት ደረሰ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው።

ለአዲስ አንባቢ፣ ኤፍ-5 የአሜሪካ ሥሪት ተዋጊ ጄት ነው፤ እኛ የምንሠራው በሪሞት የሚበር ሞዴሉን ነው። አካሉ አልቋል። ተክለሃይማኖት ያለችውን ጋራዥ ከዳር እስከ ዳር ይዞ ተጋድሟል። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ80። እውነተኛው ኤፍ-5ኢ 14.45 ሜትር ይረዝማል፣ ክንፉ ደግሞ 8.13 ሜትር ነው። የእኛው በ4.5 ተካፍሎ የተሠራ ነው። ነዳጅ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ፎርማውን በኮምፔንሳቶና በስቱኮ ሠርተን አካሉን በፋይበር ግላስ አወጣነው። ቀለሙ የአየር ኃይላችን ቀለም ይሆናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተናነቀው ይኸው አውሮፕላን ነው። ሌላ ልሥራ ብል ልቤ እሺ አይልም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሞተሩ ባለ 220 ኒውተን ተርባይን፣ ማለትም ትንሽ የጄት ሞተር ነው። ሳጥኑን ብታምኑት ከ22 ኪሎ በላይ ይገፋል። ግን ያ የባህር ጠረፍ ቁጥር ነው። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር ላይ ነው። የሠሪዎቹ መመሪያ፣ የውጭዎቹ ቪዲዮዎች፣ "ይህን ያህል ሜዳ ይበቃል" የሚሉት ሁሉ ጠረፍ አካባቢ ቆመው ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ከመብረሩ በፊት ሁሉንም ነገር እዚሁ መለካት አለብን የሚል አቋም ይዣለሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩትም ለዚሁ ነው።

ተክለሃይማኖት ላይ ተርባይን አይነሳም። የታመመ አለ፣ ሕፃን አለ፣ ጩኸቱ ለጆሮ አይሆንም። ወረዳውንና ፖሊስን አሳወቅን። ከዚያ ከከተማው ዳር ያለ የአንድ ወዳጃችን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሄድን። ወለሉ ኮንክሪት ነው፣ ከፍታውም ከሰፈራችን ብዙ አይለይም።

መቆሚያውን ከኤል ብረት በየድነው። ተርባይኑን ከባድ ዕቃ በሚችል የመሳቢያ ሐዲድ ላይ አስቀመጥነው፣ ወደ ፊት እንደ ልቡ እንዲንሸራተት። ከኋላ በሽቦ ገመድ የሚንጠለጠል ዲጂታል ሚዛን ያዘው። የሚዛኑን መስታወት በስልክ ካሜራ እየቀረፅን ከሩቅ አነበብን። ነዳጁ የተጣራ ነጭ ጋዝ ነው፣ 5 በመቶ የተርባይን ዘይት ተቀላቅሎበታል። ለ20 ሊትር 1 ሊትር ማለት ነው። ለማታውቁ፣ ይህ ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱት ከነዳጁ ጋር በሚመጣው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱን የረሳ ሰው ሞተሩን ቀበረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ማስነሻ አልተሳካም። ማስነሻ ሞተሩ አሽከረከረው፣ ነዳጁ ተቀጣጠለ፣ ግን የጭስ ማውጫው ሙቀት ዝም ብሎ ወጣ። 800 ዲግሪ ሲያልፍ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ራሱ ዘጋው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተሩ በሚነሳበት ጊዜ የሚሰጠው ነዳጅ ለወፍራም አየር የተመጠነ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ነዳጅ ይበዛበታል። የማስነሻውን ፓምፕ ዝቅ አድርገን፣ የሥራ ፈት ዙሩን (ዝቅተኛውን ዙር) ትንሽ ከፍ አደረግን። ከዚያ ወዲህ ያለ ችግር ይነሳል።

ሙሉ ነዳጅ ስንሰጠው በደቂቃ 117,000 ዙር ደረሰ። ሚዛኑ 16 ኪሎ ተኩል ላይ ቆመ። አየሩ ሩቡን ወስዶታል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ግፊት ስንት ሜትር ሜዳ ያስፈልገኛል? ሁለተኛ፣ ኤፍ-5 ጭስ ማውጫው ሁለት ነው። አንዱን ተርባይን ለሁለት ልክፈለው ወይስ ሁለት ትንንሽ ተርባይን ይሻላል?


የአምስት ኪሎዋ፦

ወንድሜ እንኳን ለዚህ በቃህ! ፎቶው ላይ የአፍንጫው ቅርፅ ልክ ራሱ ነው። ሚዛኑ ሲያነብ ስንት ሰዓት ነበር? ሙቀቱስ?


ላሜራው፦

ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ። 20 ዲግሪ።


የአምስት ኪሎዋ፦

እንግዲያው ቁጥርህ ትክክል ነው። 2,350 ሜትር ላይ የአየሩ ጫና የባህር ጠረፉ 75 በመቶ አካባቢ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍግታ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። ተርባይኑ በዚያው ዙር ሲሽከረከር የሚውጠው አየር በኪሎ ሲመዘን በዚያው ልክ ያንሳል። ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። አንተ ያገኘኸው 16 ኪሎ ተኩል ከ22.4 ኪሎ 74 በመቶ ነው። ሚዛንህን እመነው። ነዳጁም በዚያው መጠን ይቀንስልሃል፣ ስለዚህ ታንኩ ትንሽ ይቆይልሃል።

አሁን ሜዳው። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ስስ አየር የሚቀጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ ክንፉን።

የክንፍህ ስፋት 0.85 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ20 ኪሎ፣ ፍላፕ (የክንፉ የኋላ ታጣፊ ጠርዝ) ወርዶ፣ ጠረፍ ላይ ክንፉ መሸከም የሚያቆመው በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው ክንፍ 77 ላይ ያቆማል። መሬት ለመልቀቅ ደግሞ ከዚያ ላይ 20 በመቶ ጨምርበት። ስለዚህ በበለጠ ፍጥነት መነሳት አለብህ፣ በአነሰ ግፊት። አስፋልት ላይ ጠረፍ 25 ሜትር የሚፈጅ መነሳት እዚህ 50 ሜትር ሊጠጋ ነው። እጥፍ በለው። ሣር ከሆነ ከዚያም ይብሳል።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ መነሳቱ አይደለም፣ ማረፉ ነው። ነዳጁ አልቆ 17 ኪሎ ቢሆን እንኳ መሬት የሚነካው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ፍሬኑ ጥሩ ከሆነ ወደ 100 ሜትር ይሄዳል። የሥራ ፈት ዙሩን ከፍ አድርጌዋለሁ ብለሃል። ሞተሩ ሥራ ፈትቶም ትንሽ ይገፋል፣ አሁን ደግሞ ያ ግፊት ጨምሯል ማለት ነው። አብራሪው አወረድኩት ሲል እሱ መንሳፈፉን ይቀጥላል። ስለዚህ ከ200 ሜትር ባነሰ ሜዳ ባትሞክረው ደስ ይለኛል። የጎማዎቹ ፍጥነትም መታሰብ አለበት።


ቱርቦ ካዛንቺስ፦

እህቴ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ልጨምር። "ወደ አዳማ ብንወርድ አየሩ ወፍራም ነው" የሚሉ ወዳጆች አሉ። እውነት ነው?


የአምስት ኪሎዋ፦

ግማሽ እውነት ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነች። ግን ትሞቃለች። ቀን ላይ 28 ዲግሪ ብትሆን የምታገኘው የአየር እፍግታ ከዚህኛው የ20 ዲግሪ ጠዋት በ5 በመቶ ቢበልጥ ነው። እዚሁ ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ ብትሞክር ከ3 በመቶ በላይ ታገኛለህ፣ ያውም ያለ ንፋስ። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ጥቅም የሚኖረው አዳማም ሄዶ በማለዳ መነሳት ነው። ከሜዳው ይልቅ ሰዓቱን ምረጡ።


ቱርቦ ካዛንቺስ፦

ገባኝ። አሁን ወደ ጭስ ማውጫው።

ላሜራው፣ ሁለት ተርባይን አትግባበት። ሁለት ኮምፒዩተር፣ ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማስነሻ። አንዱ በአየር ላይ ቢጠፋ ኤፍ-5 ማውጫዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ብዙ አይዞርም። ግን በግማሽ ግፊት፣ በዚህ አየር፣ በዚያች ትንሽ ክንፍ ወዴት ትሄዳለህ? አንድ ትልቅ ተርባይን ይሻላል።

አንዱን ለሁለት የሚከፍለው ቱቦ እንደ ሱሪ ሁለት እግር ያለው ነው። ዋናው ነገር ሦስት ነው። ተርባይኑና የቱቦው አፍ እንዳይጣበቁ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። በዚያ ክፍተት ቀዝቃዛ አየር ይሳባል፣ አካሉንም ያቀዘቅዛል። ከዚያ መክፈያው ላይ ያለው ጠርዝ ስለት ይሁን፣ ድፍን ከሆነ ጋዙ ይመታዋል። ደግሞም ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ። አንዱ ከሌላው ጠበብ ካለ አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ቱቦው የሚሠራበት እስቴንለስ ላሜራ ስስ ነው፣ በተራ ብየዳ ወዲያው ይቀደዳል። በአርጎን ጋዝ የሚበይድ እጀ ቀጭን ባለሙያ ፈልግ። መርካቶ የምግብ ቤት ዕቃ የሚሠሩት ዘንድ ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉ። ላሜራውን ግን እዚያው ከመግዛትህ በፊት ማግኔት አስጠጋበት። ጥብቅ አድርጎ ከሳበው ተወው፣ የምትፈልገው ዓይነት አይደለም።

ተከፍሎ የሚሄድ ጋዝ ትንሽ ግፊት መብላቱ አይቀርም። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ቱቦውንም አብረህ ግጠምና ለካ። የሞተሩን ብቻ አትመን።

ሳልረሳው፣ "ይህ ነገር ለኛ አገር አይሆንም" የሚል አስተያየት ሌላ ክር ላይ አይቻለሁ። ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ የዛሬዎቹን ትንንሽ ተርባይኖች መንገድ ሲከፍት የአየር መጭመቂያውን ተሽከርካሪ ክፍል የሠራው ከኮምፔንሳቶና ከካርቦን ክር ነው። ቤቱ ውስጥ! መርካቶ የሌለው ነገር ከዚህ ውስጥ የቱ ነው?


ጋሽ መካኒክ፦

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ደስ ብሎኛል። እኔ ደብረ ዘይት ኤፍ-5 ሥር ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። የእውነተኛው ሞተር ጄ85 ይባላል። ከፍተኛው ዙሩ ከ16,000 ትንሽ ይበልጣል። የእናንተው 117,000 ሲባል ጆሮዬን አላመንኩም። በሰከንድ ወደ 2,000 ዙር መሆኑ ነው።

ስለ ሜዳው ለተነሳው አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ኤፍ-5ኢ የፊት እግሩ ለመነሳት ሲል ይረዝማል። ፓይለቱ ማብሪያውን ሲጫን እግሩ ተዘርግቶ አፍንጫውን ቀና ያደርገዋል። ክንፉ ገና መሬት ላይ እያለ አየሩን በጥሩ ማዕዘን ይቀበላል። መንደርደሪያው ያጥራል። አሜሪካኖቹ ያን የሠሩት ለጌጥ አይደለም፣ ክንፉ ትንሽ ስለሆነ ነው። ልጄ ላሜራው፣ ፎቶህ ላይ የፊት እግርህ አጭር ነው፣ አፍንጫው ደፋ ብሏል። እንዲህ ሆኖ 20 ኪሎውን ለማንሳት የኋላው ክንፍ ብቻውን መታገል አለበት። እግሩን አስረዝመው። መርዘምና ማጠር ባይችልም፣ ቋሚ ሆኖ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀና ቢያደርገው ትልቅ ለውጥ ታያለህ።

ሌላው። እኛ ሞተር ከመነሳቱ በፊት መንደርደሪያውን በእግራችን ነበር የምንለቅመው። ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ። ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ አንገታችንን ደፍተን። የኤፍ-5 አየር መሳቢያ ከመሬት ብዙ አይርቅም፣ የእናንተ ደግሞ በ4.5 ተካፍሎ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው። የፊት ጎማው የሚያስፈነጥረው ጠጠር በቀጥታ ወደ አፉ ነው የሚሄደው። መሳቢያው ላይ ወንፊት ይኑር፣ ሜዳውንም ልቀሙ።


ላሜራው፦

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የፊት እግሩን ነገር መጻሕፍት ላይ አይቼው ነበር፣ ግን ለሞዴሉ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬውኑ እግሩን አስረዝመዋለሁ። ሲመችዎ ጋራዡ ብቅ ቢሉ ሁላችንም ደስ ይለናል። ቡናው ከኛ።


ሲግናል፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሪሞቱ።

አንደኛ፣ የርቀት ሙከራውን ሁለት ጊዜ አድርገው። አንዴ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንዴ ተርባይኑ እየሠራ። ፓምፑና የኮምፒዩተሩ ሽቦዎች ሲግናል የሚረብሹ ከሆነ የሚታወቀው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመህ ወስን። በዚህ መጠን ላለ ጄት ተርባይኑ መዘጋት አለበት እላለሁ። መሬት ላይ አስረህ፣ ሪሞቱን አጥፍተህ በዓይንህ እይ። ሦስተኛ፣ ለተቀባዩ ሁለት ባትሪ።

የኤፍ-5 የኋላ ክንፍ ሙሉ በሙሉ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለው ሰርቮ (ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ጠንካራ ይሁን፣ ክንፉን በእጅህ ይዘህ ስታወዛውዘው ምንም ልቅነት አይኑር። በፍጥነት ላይ ትንሽ ልቅነት ካለ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከጀመረም በሰከንድ ውስጥ ጭራው ይገነጠላል።


ሸገር 01፦

ይቅርታ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ። ስታዲየም አካባቢ ነው የምኖረው። ይህን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ከየት ልጀምር? ቀጥታ ጄት መግዛት ይቻላል?


ቱርቦ ካዛንቺስ፦

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ቀጥታ ጄት አይሞከርም። የአሜሪካ ሞዴል አብራሪዎች ማኅበር እንኳን ተርባይን ለሚያበር ሰው ለብቻው ብቃቱ የተረጋገጠበት ፈቃድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ አንድ የሞዴል ጄት በሰዓት 749 ኪሎ ሜትር በሮ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህ ነገር መጫወቻ አይደለም።

በኤሌክትሪክ፣ በዝግታ በሚበር፣ ሰፊ ክንፍ ባለው ጀምር። ሐሳብ ከፈለግክ ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አገራችን ተሠርታ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችልን። አንድ ሞተር፣ ቋሚ እግር፣ ሁለት መቀመጫ። በኮምፔንሳቶና በጨርቅ ይሠራል። እስካሁን በዚህ መድረክ ማንም አልሠራትም። መጀመሪያ የሠራው አንተ ብትሆን እኔ ጎማዎቹን እሰጥሃለሁ።


ሸገር 01፦

እሠራታለሁ። ቃሌ ነው።


ሕጉን እናክብር፦

ሁላችሁም ልብ በሉ። ድሮንም ሆነ በሪሞት የሚበር ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ያለ ፈቃድም አይበርም። የሚመለከታቸው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ኢንሳ ናቸው። የቦሌ ኤርፖርት ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 20 ኪሎ የሚመዝን ጄት ማንሳት ጨርሶ አይታሰብም። አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ቢያበር የሚዘጋው የሁላችንም በር ነው።


ላሜራው፦

ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ተርባይኑም የገባው በፈቃድ ነው። የማብረሪያውን ማመልከቻ ከነሥዕሉ፣ ከነክብደቱና ከነሚዛን ውጤቱ እያዘጋጀሁ ነው። ፈቃድ ካልተገኘ አይበርም። መሬት ላይ ብቻ ይሮጣል።


የጥቁር አንበሳ ነርስ፦

እኔ የማውቀው ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ቃጠሎና ስለ ቁስል ነው። ባለቤቴ ከላሜራው ጋር ስለሚሠራ ፎቶዎቹን አየሁ። ሁለት ነገር አልተመቸኝም።

አንደኛው ፎቶ ላይ አንድ ልጅ ከተርባይኑ በትክክል ጎን ቆሟል። ባለቤቴ እንዳስረዳኝ ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል ከፈነዳ ስብርባሪው የሚወጣው ወደ ጎን ነው። ታዲያ እዚያ መቆም ለምን? ሁሉም ሰው ከጎኑ ይራቅ፣ ከኋላውም ይራቅ።

ሁለተኛው፣ አጠገባችሁ ያለው ማጥፊያ ባለ ዱቄቱ ነው። እሳቱ ሰው ላይ ከተያያዘ ባለ ዱቄቱንም ቢሆን ርጩ። ለሞተሩ ግን ባለ ጋዙ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይሁን። ዱቄት ተርባይኑን ያበላሸዋል ብላችሁ እጃችሁ እንዳይዘገይ ነው የምለው። ማመንታት ነው የሚያቃጥለው። የተርባይን ዘይቱንም በባዶ እጅ አትንኩት፣ መርዝነት አለው። ጓንት አድርጉ። የጆሮ መከላከያም ለሁሉም፣ ቪዲዮ ለሚቀርፀውም ጭምር።


ላሜራው፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ልጁ የቆመው ሞተሩ ሳይነሳ ነው፣ ቢሆንም ከአሁን በኋላ መሬቱ ላይ በቀለም መስመር እናሰምራለን። ባለ ጋዙ ማጥፊያ ተገኝቷል፣ ነገ ይመጣል።

እስካሁን የወሰንኩትን ልንገራችሁ። አንድ ተርባይን፣ ሁለት እግር ያለው ቱቦ። የፊት እግሩ ይረዝማል። መሳቢያው ላይ ወንፊት። ሜዳው ከ200 ሜትር በላይ አስፋልት፣ ሰዓቱ ማለዳ።

ቱቦውን የሚበይደው ልጅ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ግቢ ሁለተኛውን ልኬት እናደርጋለን። በዚህ ጊዜ ቱቦው ተገጥሞ፣ ሞዴሉ ሙሉ በሙሉ ታስሮ። ሲግናል፣ የርቀት ሙከራውን አንተ ምራልን። የአምስት ኪሎዋ፣ ባሮሜትር ካለሽ ይዘሽልን ነይ፣ የስልኩን አላመንኩትም። ጋሼን ከስድስት ኪሎ የሚያመጣ መኪና ያለው ሰው እዚሁ ይጻፍልኝ።


ቱርቦ ካዛንቺስ፦

እኔ አመጣቸዋለሁ። ጋሼ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነኝ።